ወዝ የመሰለን ነገር

የአክስቴ ልጅ በሰባት ወር ትበልጠኛለች። ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው፤ ስምንተኛ ክፍል የተፈተንነውም አብረን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ አባቴና አክስቴ ተመካክረው ሞላሌ ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራዩልን። ከመንደራችን ሞላሌ ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል። ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሶና ሽሯችንን ተሸክመን እንመለሳለን። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ኖርን።

እሷ በተፈጥሮዋ ቀጭን ናት። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ አቀበቱን ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ትወጣለች፤ በሽታ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ግን በእኛ አገር ቀጭን ሴት ልጅ ቤቷን ታሳማለች። «ምነው ልጅቱ? አያበሏትም እንዴ?» ይባላል። አክስቴ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷ ይቀላል። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት፤ ስለዚህ ቃሉ ሌላው ሰው ከሚሰማው በላይ ያማታል። ልጇን ለብቻ ጠርታ በገንፎው መሐል ቅቤ ትጨምርላታለች። ልጅቱ ትበላለች። አትወፍርም።

ታላቅ እህቷ ዓረብ አገር ናት። ከዚያ የምትልከው ፎቶ ላይ ፊቷ ሞላ ብሏል፣ ቆዳዋ ፈክቷል። አክስቴ ፎቶውን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች፤ «ልጄን ደላት፣ እዩልኝማ ጉንጯን» ትላለች። ፎቶው ያለበትን ስልክ የላከችውም ያቺው እህቷ ናት፤ የላከችውም ለታናሿ ነው። ስለዚህ እናቷ ፎቶውን ባስወጣቻት ቁጥር ስልኩን ይዛ የምታሳየው ቀጭኗ ልጅ ናት። እንግዳው አንዴ ስልኩን ያያል፣ አንዴ የያዘችውን ያያል። እኔ ከጎን ሆኜ ያንን አስተያየት ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ግን በሰርግ ቀን ነው። አሥረኛ ክፍል ሆነን በጥር ወር የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር ለማስተናገድ ከትምህርት ቀርተን ነበር። የአክስቴ ልጅ ጠላ በጆግ ይዛ በዳሱ ውስጥ ትዞራለች፣ እኔ እንጀራ ይዤ እከተላለሁ። ከሙሽራው ወገን የመጡ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ቀድታላቸው ሁለት እርምጃ እንኳ ሳትርቅ አንደኛዋ፣

«ይቺን ልጅ ለልጄ አስቤያት ነበር» አሉ። «ቤተሰቧ ጨዋ ነው፣ ትምህርቷም ጥሩ ነው ይላሉ። ግን እይዋት እስኪ! ክንዷ ጭራሮ አይመስልም? ሳንባ ቢሆንስ? እኔ ቤቴ ሳንባ አላስገባም።»

ሌላይቱ ሳቅ ብለው «ዘራቸው ይሆናል» አሏቸው።

ሹክሹክታ አልነበረም። ሰው ስለ በግ እንደሚያወራ በደህና ድምፅ ነው የተናገሩት። የአክስቴ ልጅ ዞር አላለችም። ለቀጣዮቹ ሰዎች ቀዳች፣ ጆጉን ለሌላ ሰው አቀበለች፣ ከዳሱ ወጣች። እኔም ትሪውን አስቀምጬ ተከተልኳት። የጭድ ክምሩ ጀርባ ቆማ አገኘኋት። አላለቀሰችም። የቀኝ እጇን ጣቶች በግራ ክንዷ ዙሪያ አድርጋ ትለካለች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ተገናኝተዋል።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ። ተያቸው፣ የሰከሩ ናቸው።»

«አልሰከሩም። ሳንባ አሉኝ እኮ። ነገ ገበያ ላይ ሳንባ አለባት ይባላል።»

ያኔ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ፤ ግን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እኔ ራሴ ደግሞ ወፍራም ባልባልም ደህና ሥጋ ነበረኝና በውስጤ «እኔን አላሉኝም» የሚል እፎይታ ነበር። ይህንንም ልደብቀው አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ከእጇ አይጠፋም። ካሜራው ላይ ፊትን ሞላ አድርጎ፣ የውርጭ ጠባሳ አጥፍቶ፣ ዓይንን አስፍቶ የሚያሳይ ነገር አለ። እሱን ከፍታ ራሷን ታያለች፤ ታጠፋዋለች፤ ደግሞ ትከፍተዋለች። አንድ ቀን ጠራችኝና «ይቺን አየሻት? ይቺ እኮ እኔ ነኝ። ትንሽ ብሞላ ማለት ነው» አለችኝ። አየሁ። እውነትም እሷን ትመስላለች፤ የእሷን እንቅስቃሴ ትንቀሳቀሳለች፤ ግን ዓይኗ የሌላ ሰው ነበር።

ስልክ አንዴ የምትፈልጊውን ካወቀ አይለቅሽም። ሁለት ቀን ስለ ውፍረት የሚያወሩ ቪዲዮዎች ካየች በኋላ በሦስተኛው ቀን ሌላ ነገር መምጣቱን ተወ። እንደ እሷ ቀጭን የነበሩ፣ አሁን ጉንጫቸው ያበጠ፣ ዳሌያቸው የሰፋ ሴቶች እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ከሲታ ሆነው የተነሡትን ፎቶ በግራ፣ የሞሉትን በቀኝ አድርገው ያሳያሉ። «በአንድ ወር» ይላሉ። ምን እንደተጠቀሙ ግን አይናገሩም፤ «በውስጥ መስመር አናግሩኝ» ብቻ ነው።

እኛ በውስጥ መስመር ማናገር አላስፈለገንም። በገበያ ቀን ሸራ ዘርግታ ቅባት፣ ሽቶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርና የጥፍር ቀለም የምትሸጥ ሴት ነበረች። የአክስቴ ልጅ የእጅ ቅባት የምትመርጥ መስላ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና ምንም ሳትገረም ከቦርሳዋ ከደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ውስጡ ትንንሽ ኪኒኖች ነበሩ፤ ስም የላቸውም፣ ካርቶን የላቸውም።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ከምግብ ጋር። ሁለት ሳምንት ቆዪና መስታወት እዪ።»

«ጉዳት የለውም?» ያልኩት እኔ ነኝ።

«ቫይታሚን ነው እቴ። የከተማ ሰው ሁሉ ይህንኑ አይደለም እንዴ የሚውጠው?» አለችና ለሚቀጥለው ገዢ ዞረች።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀም። በመጀመሪያ ጉንጯ ሞላ፤ ቀጥሎ አገጯ ሥር። ከንፈሯ ዙሪያ የነበረው ስንጥቅ ጠፋ። ጠዋት መስታወት ስታይ የምታሳየው ፈገግታ ከልጅነታችን ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ነበር። የቤት አከራያችን «ሞላሌ ተስማማሽ!» አሏት። አስተማሪያችን ስም ሲጠራ ቀና ብሎ አያት። ወደ መንደር ስንወጣ ደግሞ ከመንገድ ጀምሮ ያገኘን ሰው ሁሉ ያቆማት ነበር። «አማረብሽ! ወዝ አወጣሽ! ምን አግኝተሽ ነው?» አክስቴ በር ላይ አይታት እልል አለች። የንስሐ አባታቸው ለጸሎት መጥተው መስቀል ሲያሳልሟት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፊትሽ በራ» አሏት። ወዲያው አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንቺስ ምነው እንዲህ ቀረሽ?» አለችኝ። ቀልድ ነው ያለችው። ሁሉም ሳቁ።

በማግሥቱ ኪኒኑን ለመንኳት። አሥራ አንድ ቀን ዋጥኩ። ሆዴን አቃጠለኝ፣ እንቅልፍ አሳጣኝ፣ ልቤን መታኝ፤ ስለ ፈራሁ ተውኩት። ስለዚህ የተረፍኩት ከእሷ ብልህ ስለ ነበርኩ አይደለም። ጨጓራዬ ስላልቻለ ነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። የአክስቴ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ግን ረኀቡ አልቻላትም። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት ሮጣ ቤት ትገባና በሶ ትበጠብጣለች፤ ጠጥታ ሳትጨርስ ሌላ ትበጠብጣለች። አንዴ በድንገት ገብቼ ደረቁን ዱቄት በእፍኟ ስትቅም አገኘኋት። አፏ ነጭ ሆኖ አየችኝ። «እኔ አይደለሁም የምበላው» አለችኝ፤ «ሌላ ሰው ሆዴ ውስጥ ገብቶ የሚበላ ነው የሚመስለኝ።» ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርን። የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ ታዞራለች። የአገሩ ሰው፣ የማናውቀው የሩቅ ሰው፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ሁሉ ያያታል። «ጉንጯን እዩልኝ!» «ምን ተጠቅመሽ ነው እህቴ?» እሷም «የመንዝ ገብስና የመንዝ ቅቤ» ብላ ትመልስላቸዋለች። ይህ መልስ በጣም ተወደደ። እኔም ሲጽፉ እያነበብኩላት አብሬያት እስቃለሁ። ወደ በኋላ ደግሞ አንዲት ዘመዳችን ገበያ ላይ ያነሣቻትን የቀድሞ ፎቶዋን ፈልጋ ላከችላትና፣ እሷ ያንን በግራ የአሁኑን በቀኝ አድርጋ አወጣችው። እንደዚያ የታየላት ምንም አልነበረም።

ክረምቱን በመንደር ከረምን። ያኔ ነው ነገሩ እያስፈራኝ የመጣው። ሐምሌ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቢላዋ ቆረጣት፤ ትንሽ ቁስል ነበር። ነሐሴ ሲያልቅም አልደረቀም። አንድ ቀን ጭቃ ላይ ስትንሸራተት ክንዷን ይዤ ሳብኳት፤ በማግሥቱ የአምስቱም ጣቶቼ ምልክት ጠቁሮ ክንዷ ላይ ቀርቷል። ፊቷ በጣም ክብ ሆኗል፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ማጅራቷ ላይ ሥጋ ተከምሯል፤ እግሯና ክንዷ ግን ከበፊቱም ቀጥነዋል። አቀበት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። የወር አበባዋ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነ ስጠይቃት «አላስታውስም» አለች። ሰው ግን የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው። በየቤቱ በር «አማረብሽ» ይባላል።

ለዘመን መለወጫ ገላችንን ስንታጠብ ጀርባዋን እንዳሽላት ጠራችኝ። ከብብቷ ሥር፣ ከሆዷ እስከ ዳሌዋ፣ እንደ ጅራፍ ሰንበር የተጋደሙ ሐምራዊ መስመሮች ነበሩ።

«ማነው የመታሽ?»

«ማንም አልመታኝም። ቆዳዬ ሲለጠጥ ነው። እሺው ዝም ብለሽ።»

«ይሄ መለጠጥ አይደለም። ኪኒኑን ተይው በቃ።»

«ልተወውና እንደገና ሳንባ ልባል?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። «አንቺ አታውቂውም። አንድ ቀን ስረሳው አጥንቴ ሁሉ ይዝላል። ብተወው የምሞት ነው የሚመስለኝ።»

ይህን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ትርጉሙ ግን አልገባኝም፤ ሱስ መሰለኝ።

ትምህርት ሲከፈት ሌላ ነገር መጣ። ቪዲዮውን ያዩ ተማሪዎች ክፍላችን ድረስ እየመጡ ያንኳኩ ጀመር። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ኋላ ግን ወደ ሴትየዋ መራቻቸው፤ ሴትየዋ ከሌለች ደግሞ ከራሷ ታካፍላቸዋለች። ኅዳር ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣች። ገና ጡት ማጎጥጎጧ ነው። እግሮቿን አሳየችን፤ «የአጎቴ ሚስት የሽመላ እግር ትለኛለች» አለች። የአክስቴ ልጅ ከጥቅሉ ስድስት ፍሬ ቆጥራ በመዳፏ አስቀመጠችላት። ልጅቱ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብላ በሩጫ ሄደች።

ሐሙስ ቀን ነበር። እሷ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሳጥኗን ከፍቼ ያለውን ጥቅል ሁሉ አወጣሁና ሽንት ቤት ጨመርኩት። አንዱንም አላስቀረሁም። ሴትየዋ ደግሞ ያን ሰሞን ከገበያ ጠፍታ ነበር፤ መኪና አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይቀራል፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ አይገባም ነበርና። ሌላ እንደማታገኝ አውቄ ነው ያደረግኩት። እንደ ጽድቅ ቆጥሬው።

ስትመለስ ነገርኳት። ጄሪካኑን አስቀመጠችና ሳጥኑን ከፈተች፤ እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ጨርቁን ሁሉ ዳበሰች። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልመታችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እሺ፣ ተውኩት። ይኸው ተውኩት፤ ደስ ይበልሽ» አለች። እውነትም ደስ አለኝ።

ዓርብ ወደ መንደር ስንሄድ ሁለት ሰዓት ያህል ዘገየን፤ በየድንጋዩ ላይ ትቀመጥ ነበር። ቅዳሜ ከመኝታዋ አልተነሣችም። አክስቴ ብርድ መቷታል ብላ ከበግ ፀጉር የተሠራውን ባና ደረበችላት፣ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠቻት። አስመለሳት። ውሃ ሰጠቻት፣ አስመለሳት። እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ ልትነሣ ስትል እግሯ ከዳትና መደቡ ሥር ወደቀች። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታቸው መጡ። እጇን ያዙት፤ ቀዝቃዛ ነው። ዓይኗን አዩ። «ጠበሉም ይደርሳል» አሉ፣ «አሁን ግን ሐኪም ይቅደም። ሰው ጥሩ፣ ቃሬዛ ይሠራ።»

ቀኑ ሰንበት ስለነበር ወንዶቹ ሁሉ መንደር ነበሩ። ሁለት አጠና ቆርጠው በገመድ ጠላለፉት፤ በባና ጠቅልለው አስተኟት። አራት አራት ሆነው እየተቀያየሩ ተሸከሟት። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል እየመጣ ዓይን ያስለቅሳል፤ የሚሰማው የእግራቸው ኮቴና «ተቀበል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እኔ ከራስጌዋ በኩል እየሮጥኩ ነበር። አንዴ ዓይኗን ገለጠችና በከንፈሯ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ።

«ለእናቴ እንዳትነግሪ።»

«እሺ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አልኩ።

ሞላሌ ጤና ጣቢያ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ሰክተው «የደም ግፊቷ በጣም ወርዷል፤ ከዚህ አቅም በላይ ነው» አሉና መኪና ተፈልጎ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ላኳት። ያን ቀን መኪና በመገኘቱ አክስቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለት ታገባለች። የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። የተቀበለን ሐኪም ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር።

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም የለም ዶክተር» አለች አክስቴ። «ልጄ ጤነኛ ናት። እንዲያውም ዘንድሮ ነው ያማረባት፤ ይዩዋት እንጂ ፊቷን።»

ሐኪሙ ፊቷን አየ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ የሆዷን ልብስ ገለጥ አደረገና ሐምራዊዎቹን መስመሮች አየ። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻቸው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሁለታችንን አየን። «አንድ የምትወስደው ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ካልነገራችሁኝ ጊዜ ነው የምናባክነው» አለ።

ስለ መሐላው አሰብኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። የአክስቴን ልጅ ትንፋሽ እየሰማሁ ነበር፣ አጭር አጭር ነበር። ከዚያ «የሚያወፍር ኪኒን ነው። ዘጠኝ ወር ሆኗታል» አልኩ።

«መቼ አቆመች?»

«ሐሙስ።»

«ማነው ያስቆማት?»

«እኔ።»

አልተቆጣኝም። ነርሷን ጠርቶ ቶሎ ቶሎ አዘዛት፤ መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው ወደ ውጭ ጠርቶ ያስረዳኝ። ኪኒኑ ቫይታሚን አለመሆኑን፣ ለከባድ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት መሆኑን ነገረኝ። «ሰውነታችን ራሱ በየቀኑ የሚሠራው ነገር አለ» አለ። «ይህን ኪኒን ለወራት ስትውጪ ሰውነት 'ከውጭ ይመጣልኛል' ብሎ መሥራቱን ይተዋል። በአንድ ቀን ሲቋረጥ ባዶውን ይቀራል። እንዲህ ይወድቃል። መቆም ነበረበት፤ ግን ቀስ በቀስ፣ በወራት።» ከዚያ ትከሻዬን ነካ አደረገና «አታውቂም ነበር» ብሎ ገባ።

በመርፌ የሰጧት ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ነበር። ሽንት ቤት የጨመርኩትን።

አክስቴ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ነው የቀረብኩት። ቀና አላለችም። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች ለራሷ እንደምትናገር፣ «እኔ እኮ ተስዬ ነበር» አለች። «ልጄን ሥጋ አልብሺልኝ ብዬ ለማርያም ተስዬ። ያኔ ከጾሙ በፊት ስትመጣ ፊቷ በርቶ ሳያት ጃንጥላውን ወስጄ አስገባሁ። በሰው ፊት እልል አልኩ። ልጄ ስትታመም ነው እልል ያልኩት። ወዝ መሰለኝ።»

ሲመሽ የአክስቴ ልጅ ዓይኗን ገለጠች። ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ አላስመለሳትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣች። ኪኒኑ ግን አልቀረም፤ በሐኪም ወረቀት ላይ እየተጻፈ፣ በየጥቂት ሳምንቱ እየተቀነሰ፣ ከዓመት በላይ ወሰደችው። ፊቷ በዝግታ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። መስመሮቹ ከሐምራዊነት ወደ ነጭነት ተለወጡ እንጂ አልጠፉም። ሁሉም አለቀ ባልን ጊዜ ደግሞ ግራ ዳሌዋን ያማት ጀመር። ደብረ ብርሃን ሄዳ ስትታይ አጥንቷ ከውስጥ በኩል እንደተጎዳ፣ ከኪኒኑ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ነገሯት። ዛሬ እያነከሰች ነው የምትሄደው። ትምህርቱን ከአሥራ አንደኛ አቋርጣ ሞላሌ ላይ ልብስ ትሰፋለች።

ያቺን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ፈልጌ አግኝቻታለሁ። ስድስቱን ፍሬ ውጣ ሌላ ስላላገኘች ትታው ነበር። የቀሩትን ልጆች ግን ሁሉንም አላገኘኋቸውም። ሁለቱ «እኛ ምንም አልወሰድንም» ብለው በሩን ዘጉብኝ፤ አንዷ ከነቤተሰቧ ወደየት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው የለም። ሴትየዋም ገበያ አልተመለሰችም። እሷ ሸራ ትዘረጋበት በነበረው ቦታ አሁን ድንች ይሸጥበታል።

እኔ ዘመሮ በምትባል ከተማ አስተማሪ ሆኛለሁ። በዚህ ዓመት ለፋሲካ ወደ መንደር ስወጣ የአክስቴ ልጅም መጥታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኳን ሰጠችኝ። አንድ የማናውቀው ሰው የእሷን ፎቶ፣ ያንን በግራ ቀጭን በቀኝ ሙሉ የሆነውን፣ ወስዶ ኪኒን ይሸጥበታል። ከሥሩ «በአንድ ወር ውስጥ፣ ያለ ምንም ጉዳት» ይላል። በቀኝ ያለው የተቆረጠው ከእኔ ቪዲዮ ላይ ነው፤ ጥላዬ ከእግሯ ሥር ይታያል።

«እንዲያነሣው ጽፌለት ነበር፤ አገደኝ» አለች። «በሌላ ስም ገብቼ ከሥሩ 'ይቺ ልጅ እኔ ነኝ፣ ልሞት ነበር፣ አሁን አነክሳለሁ' ብዬ ጻፍኩ። ምን ብለው እንደመለሱልኝ እዪ።»

አየሁ። አንዷ «ቅናት ያቃጥልሽ» ብላለች። ሌላዋ «አንቺ ከሲታ፣ የሰው ፎቶ የራስሽ አድርገሽ!» ብላለች። ከዚያ በታች ሴቶች እየተደራረቡ አድራሻ ይጠይቃሉ።

አንዲት ብቻ በግል ጽፋላት ነበር። ስሟም ፎቶዋም የእውነት አይመስልም። «እህቴ፣ እኔ ከጀመርኩ ስምንት ወር አልፎኛል። ያንቺን ሳነብ ፈራሁ። ዛሬ ጠዋት ሁሉንም እሳት ውስጥ ጣልኩት» ይላል። የተላከው ከሁለት ቀን በፊት ነው።

መልእክቱ መንገድ ላይ ሳለች ገብቶ ኖሮ፣ የአክስቴ ልጅ ይህን ገና ማየቷ ነበር። ስልኩን ከእጄ መንጭቃ መጻፍ ጀመረች፤ ስትቸኩል ፊደል ትስታለች። «በድንገት እንዳታቆሚ። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። ምን ስትወስጂ እንደነበር ንገሪያቸው። ብቻሽን አትሁኚ።» ላከችው። አልሄደም። በመንደራችን ኔትወርክ የሚያዘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው።

«ስጪኝ፣ እኔ ሮጬ ልላከው» አልኳት።

«አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምልከው» አለችና ተነሣች። እያነከሰች አቀበቱን ጀመረች። ደግፌያት ወጣን። ጉብታው ጫፍ ላይ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ቆመች፤ ነፋሱ ነጠላዋን ይዞ ሊሄድ ይታገላል። ቆይቶ መልእክቱ ሄደ። ከአጠገቡ አንዲት ምልክት ወጣች፤ ተልኳል ማለት ነው። ያቺ ሴት ከፍታ ስታነብበው የምትወጣው ሁለተኛዋ ምልክት ግን አልወጣችም። ቁሩ እስኪያባርረን ድረስ እዚያው ቆመን ጠበቅን።